ስለ አልማዟ ያልጻፍኩት ግማሽ

አልማዝ በፀሐይ አይታይም። ይሄን ያስተማሩን አስኮ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ፀሐይ ላይ ካያችሁትማ የጠርሙስ ስባሪም ንጉሥ ነው» አሉና፣ «ንጉሥ» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ከወጣች በኋላ ወደ አጥሩ ዘወር ብለው አዩ። ማንም አልነበረም። በርጩማቸውን አንስተው ወደ ቤቱ ጥላ ገቡ፤ እኛም ተከተልናቸው።

እኛ ማለት እኔና የእህቴ እጮኛ ነን። ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ተማሪው ፊት አስነብበውኝ ስለነበር ደብተርና እስክሪብቶ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም ነበር። ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ስሰለፍ እንኳ ከፊትና ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች የሚያወሩትን እጽፋለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ታሳስረናለች» ትላለች። የእህቴ እጮኛ ግን ይወድልኝ ነበር። «ጓድ ጸሐፊ» የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ቤታችን መጣና፣ እህቴ ጓዳ መሆኗን አረጋግጦ፣ «ጓድ ጸሐፊ፣ ዛሬ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ስብሰባ አለብን» አለኝ በሹክሹክታ።

አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። መካኒክ ይባል እንጂ ብዙውን ቀን የሚውለው ለአሮጌ መኪኖች የጎን መስታወት እየቆረጠ ሲገጥም ነው። እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ መቁረጫ ነበረው፤ ጫፉ ላይ ከአሸዋ የማትበልጥ ነጥብ አለች። «አልማዝ ናት» ይለኛል። «ይቺን ታህል ሆና መስታወቱን ሁሉ ታስገብራለች። እስቲ ትልቋን አስቢያት።» ሽማግሌ ልኮ እናቴ እሺ ካለችው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ደረሰው። ሠርጉ እስኪመለስ ድረስ እንዲቆይ ተባለ። ዕቁቡ የወጣለት በዚያው ሳምንት ነበርና፣ ወርቅ ቀለበት እንደ ሰው ሁሉ ከመግዛት ይልቅ ሳይዘምት በፊት አንዲት አልማዝ ለእህቴ አስሮላት መሄድ ፈለገ። እኔን ይዞኝ የሄደው የጣቷን ልክ ስላመጣሁለት ነው። እሁድ ከሰዓት ጋደም ባለችበት ጣቷን በክር ለክቼ ክሩን ደብተሬ ውስጥ ደብቄው ነበር።

ሽማግሌው ፒያሳ አንድ የውጭ ዜጋ ጌጣጌጥ ቤት ውስጥ ተቀጥረው ብዙ ዘመን ቀለበት ላይ የከበረ ድንጋይ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሠሪያቸው አብዮቱ ሲመጣ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ፣ በመጨረሻው ደሞዛቸው ምትክ የሰጣቸው አንድ ድንጋይ ነበር። የምስር ክክ ታክላለች። በነጭ ወረቀት ጠቅልለው፣ ወረቀቱን በጨርቅ፣ ጨርቁን በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው አስቀምጠዋታል።

«እንዲያው ስጠኝ ብለህ አትግዛ» አሉት። «አይተህ ግዛ። አንቺም ጻፊ፣ እሱ ልቡ እዚህ የለም።»

እኔ ጻፍኩ። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ድንጋይዋን እጥፋቱ ላይ በጎኗ አስተኟት። ቀለሟ የሚታየው በጎን ነው። እንደ ምንጭ ውኃ የሆነች ሁሉን ትበልጣለች፤ ይቺ ግን ብርዝ ጠብ ያለባት ትመስል ነበር፣ እሳቸውም አልደበቁትም። ቀጥሎ አቆራረጧን አሳዩን። በደንብ ያልተቆረጠች ድንጋይ እንደሚያፈስ እንስራ ናት፤ የሰጠሃትን ብርሃን በሥሯ ታፈሰዋለች እንጂ ወደ ዓይንህ አትመልስም። ጋዜጣ ላይ ደፏትና «ፊደሉን አንብብ» አሉት። ሊያነብ አልቻለም። ጠርሙስ ብትሆን ይነበብ ነበር። ተነፈሱባት፤ ጭጋጉ ወዲያው ጠፋ። «ትልቅነቷን መጨረሻ ላይ ጠይቅ» አሉት፤ «ሰው ሁሉ በሱ ጀምሮ ነው የሚታለለው።»

ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ከውስጧ፣ ወደ ጠርዟ ጠጋ ብላ፣ የቁንጫ ዓይን የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች።

«አባባ፣ ቆሻሻ አለባት» አልኩ።

«ቆሻሻ አይደለም፣ ማርያም የሳመቻት ናት። ሰው ላይ ስታዪ ቆሻሻ ትያለሽ? ይቺ ነጥብ ዋጋዋን ቀንሳልኛለች፤ ግን የትም ብትጠፋ በሷ ነው የምለያት።»

የእህቴ እጮኛ ሳቀ። «እህትሽም እኮ አንገቷ ላይ አላት» አለኝ፤ ከዚያ ይሄን ማወቁ አሳፈረውና ጆሮው ቀላ።

ልንወጣ ስንል ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመሩ። እንደተናገሩት ልጻፈው፤ ያኔ ያልጻፍኩት ስለሆነ። «ሁሉን ትጭራለች፣ እሷን የሚጭር የለም። ግን አደራ፣ መዶሻ እንዳታሳዩአት፤ እንደ እንጨት የምትፈለጥበት መስመር አላት።»

የመጀመሪያው ግማሽ በጣም አማረኝ። ሁሉን ትጭራለች፣ እሷን የሚጭር የለም። ከሥሩ አሰመርኩበት፣ አራት ነጥቡንም አበባ አስመስዬ ሣልኩት። ሁለተኛው ግማሽ ግን ውበቱን የሚያበላሽ መሰለኝ። እንዲያ ያለ ዓረፍተ ነገር በመዶሻና በእንጨት ያልቃል? ደብተሬን ዘጋሁ።

ቀለበቱን ከሳምንት በኋላ ብቻውን ሄዶ አመጣው። ጣቷ ላይ ሲያደርግላት እህቴ ድንጋይዋን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው። «መስታወት ቆራጭ ነኝ፣ ሳልሞክር አልሰጥም» አለና፣ እጇን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ወስዶ፣ በቀለበቱ የመስታወቱ ጥግ ላይ የጣት አንጓ የምታህል መስመር ጫረ። ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል።

«መስታወቴን!» አለች እናቴ።

«ይቅርታ እማማ። ስመለስ ሙሉውን እቀይርልዎታለሁ።»

«ስትመለስ ነው እንግዲህ።»

በሦስተኛው ቀን ሄደ። ከቀበሌው በር በጭነት መኪና ነው የወሰዷቸው። እህቴ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ማኅበር ፈቃድ ስላላገኘች እኔና እናቴ ነን የሸኘነው። ከመኪናው ላይ ሆኖ በአየር ላይ የመጻፍ ምልክት አሳየኝ።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ገበያ ቅመም እየሸጠች ያሳደገችን እሷ ናት፤ ቅመም የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር በጣቱ አሽቶ፣ አሽትቶ ነው የሚያምነው። አንድ ቀን እህቴ እቃ ስታጥብ ቀለበቱን አውልቃ ብታስቀምጥ፣ እናቴ ወደ ደጅ ይዛው ወጣችና ፀሐይ ላይ አየችው።

«ይቺ ጥቁር ነገር ምንድናት?»

«ማርያም የሳመቻት ናት» አልኩ በኩራት።

«ማርያም ደግሞ ድንጋይ መሳም መቼ ጀመረች?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀለበቱን ሲያመጣ አብረሽው ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

«እንግዲያ አስኮ ያየሽውና ይሄ አንድ መሆኑን በምን አወቅሽ? እውነተኛዋን ሸጦ ጠርሙስ አስሮባት ቢሆንስ? የጋራዥ ልጅ አልማዝ ሲያደርግ የት አይተሻል?»

እህቴ ከጓዳ ሰማች። «እማ፣ ተይው በቃ» አለች። እናቴ ግን አልተወችውም፤ ጠዋት ትጀምረዋለች፣ ማታ ትጨርሰዋለች። እህቴ ስንት ዓመት እንደምትጠብቀው አታውቅም፤ ከሰሜን የሚመለሱትንም፣ የማይመለሱትንም ሰፈራችን እያየ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ለመጠበቅ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምትጠብቀውን ሰው ማመን። «ይፈተንና ዝም በይልኝ እንግዲህ» አለቻት መጨረሻ ላይ።

ከገበያው ጀርባ ወዳለው ወርቅ ሠሪ ሦስታችን ሄድን። የሰፈሩን መስቀልና ቀለበት ሁሉ የሠሩ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሰው ናቸው። ቀለበቱን አገላብጠው አዩና፣ «ወርቁን ጠይቁኝ፣ በእሳት እነግራችኋለሁ። ድንጋይ ግን የኔ ሥራ አይደለም» አሉ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አብቅቶ ነበር። እኔ ነኝ ደብተሬን የከፈትኩት።

«ጋሼ፣ እኔ የጻፍኩት አለ» አልኩና ክፍል ፊት እንደማነብ ድምፄን አስተካክዬ አነበብኩላቸው፤ ወረቀቱን፣ ጋዜጣውን፣ ትንፋሹን፣ ሁሉንም። መጨረሻዋን በተለይ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኳት። «ሁሉን ትጭራለች፣ እሷን የሚጭር የለም።»

«አቤት አጻጻፍ» አሉ። «አባቴም እንዲሁ ይሉ ነበር፣ አልማዝን የሚያሸንፍ የለም እያሉ። እንግዲያ ቀላል ነው። እውነተኛ ከሆነች ትችለኛለች።»

ድንጋይዋን በወረንጦ ከቀለበቱ ፈለቀቋት። ወርቅ የሚቀጠቅጡበት የብረት መስፋቸው ላይ አስቀምጠው ጨርቅ አለበሷት። ትንሿን መዶሻ ነው ያነሱት፣ የጆሮ ጉትቻ የሚቀጠቅጡባትን። ያኔ የሽማግሌው ቃል ትዝ ብሎኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ያልጻፍኩትን አላስታውስም ነበር።

ስኳር በጥርስ እንደመሰባበር ያለ ድምፅ ነበር። ጨርቁን ሲገልጡት ሦስት ስባሪና ትንሽ ብናኝ ሆናለች።

«ጠርሙስ ናት፣ ልጄ» አሉ። ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጧት፤ ለድካማቸውም ምንም አልተቀበሉ። እህቴ ባዶውን ቀለበት ጣቷ ላይ መልሳ፣ ቀዳዳውን ወደ መዳፏ አዙራ አጠለቀችው። እናቴ እንኳ፣ ትክክል መሆኗ ታውቆላት፣ ደስ ያላት አትመስልም ነበር።

እህቴ ፊደል ትቆጥራለች፤ ትምህርቷን ግን ለሥራ ብላ ስላቋረጠች ደብዳቤ መጻፍ ይከብዳታል። ስለዚህ ለእጮኛዋ የምትልከውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት የነገረችኝ ይሄን ብቻ ነው፤ «ድንጋይዋ ተሰበረች፣ ጠርሙስ ናት አሉኝ፣ ምን ሆኖ ነው? ብለሽ ጠይቂልኝ።» ልብ በሉ፣ ጠይቂልኝ ነው ያለችው።

እኔ ግን በዚያ ሰዓት የምመርጠው ነገር ነበረኝ። ወይ ደብተሬ ተሳስቷል፣ ወይ እሱ ዋሽቷል። ደብተሬ ከሚሳሳት እሱ ቢዋሽ ይሻላል ብዬ መረጥኩ። ጽሑፉ ደግሞ ሲጀምር ራሱ ይሮጥ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። መሐል ላይ እንዲህ የሚል አለ፤ «ጠርሙስ የሆነው ድንጋይህ ብቻ አይደለም፣ ቃልህም ነው።» ይቺን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ።

ሳነብላት እህቴ ከስፌቷ ቀና አለች። «አልበዛም?» አለች።

«እታለም፣ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና ወደ ስፌቷ ዞረች።

መልሱ ከወር በላይ ቆይቶ መጣ። ፖስታው ላይ የእህቴ ስም ነበር፣ ውስጡ ግን ለእኔ ነው የተጻፈው። በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ለጓድ ጸሐፊ። ደብዳቤው ደርሶኛል። ጽሑፍሽ በጣም አድጓል፣ ጓደኞቼም አድንቀውታል። ያንቺ ቃል መሆኑን አውቄዋለሁ፤ እሷ እንዲህ አትናገርም። ድንጋይዋ ጠርሙስ ከሆነች እኔ ተታልዬ ነው እንጂ አላታለልኩም። ይሄን ብቻ ንገሪልኝ። ቃለ ጉባኤው አንቺ ዘንድ አለ፣ አንብቢላት።»

አንብቢላት አለ። አነበብኩላት፤ ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ያችን ያሰመርኩባትን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ያን የአበባ ነጥብ ሳየው ከሱ በኋላ ባዶ ቦታ እንዳለ ገባኝ። ሽማግሌው ሌላ ነገር ብለው ነበር። ምን እንዳሉ ግን ጠፋኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ስባሪውን በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ይዤ፣ ከፌርማታው በውይይት ታክሲ አስኮ ሄድኩ። ሽማግሌው መጀመሪያ አላወቁኝም። ጋዜጣውን ስከፍትላቸው ግን ያወቁት እሷን ነው። አጉሊ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው ትልቁን ስባሪ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ያቺ የቁንጫ ዓይን እዚያው ጠርዙ ጋ አለች።

«ማርያም የሳመቻት» አሉ። «ማን መታት?»

«የሰፈራችን ወርቅ ሠሪ።»

«እሱ ምን ያድርግ፣ የወርቅ ሰው ነው። ወርቅ ሲመታ ይተኛል እንጂ አይሰበርም። እኔ ግን መዶሻ እንዳታሳዩአት ብዬ ነግሬያችሁ ነበር። መጫር ሌላ ነው፣ መመታት ሌላ።»

ያኔ ቃሉ በሙሉ፣ ከነእንጨቱ፣ ተመልሶ መጣልኝ። ደብተሬን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ጣታቸውን እያንፏቀቁ አነበቡ።

«ጥሩ ጽፈሻል» አሉ። «ግማሹ የት ሄደ?»

አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም፤ ሻይ ቆርቆሮዋን አምጥተው ስባሪውን መልሰው በነጭ ወረቀት ጠቀለሉልኝ። «መስታወት ላይ ሞክሯት ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ መስኮታችን ላይ።»

«ታዲያ መስኮታችሁን አታዩም ነበር?»

ቤት ስደርስ እህቴ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያልጻፍኩትንም። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ካውያውን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደችና ያችን ጭረት በጣቷ ተከተለቻት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ጻፊለት» አለችኝ እህቴ። «አሁን ግን እኔ የምልሽን ብቻ።»

የተናገረችው ይሄ ነው፤ «ድንጋይህ እውነተኛ ነበረች። የሰበርናት እኛ ነን። እየጠበቅሁህ ነው፣ ና።» እጄ ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ አልዋሽም። አልጨመርኩም። በዚያው ዕለት ፖስታ ቤት ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። አንድ ማለዳ ገና ጎረቤት ሳይነቃ የቀበሌ ሰዎችና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት የሚመጡት ለምን እንደሆነ ሰፈር ሁሉ ያውቃል። ዘመዶቹ ጎጃም ናቸው፣ እዚህ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረውም፤ ስለዚህ ድንኳኑ እኛ ደጅ ተተከለ። እህቴ ባዶውን ቀለበት አላወለቀችም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አንድ ጓደኛው በክራንች እየተደገፈ መጣ። አብሮት የዘመተ፣ ቆስሎ የተመለሰ ነው። ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ አመጣልን። ሸሚዝ፣ መላጫ፣ ያ እንደ እስክሪብቶ የሚያዘው መስታወት መቁረጫ፣ እና አንድ ደብዳቤ። ደብዳቤው የመጀመሪያው ነው፤ የኔው። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ከመታጠፉ እጥፋቱ ላይ ተቀድዷል። ያቺ ብድግ ብዬ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር እጥፋቱ ላይ ስለነበረች ግማሿ አይነበብም።

«ሌላ ደብዳቤ አልነበረም?» አልኩት።

«ቦርሳው ውስጥ ያገኘሁት ይሄን ነው» አለ። «ኪሱ ውስጥ የነበረ ካለ አብሮት ተቀብሯል።»

እናቴ በፍጥነት፣ «ይኸው፣ ኪሱ ውስጥ ነው» አለች። «የሚወዱትን ደብዳቤ ማን ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጣል? ኪሱ ውስጥ ነው።» ሁሉን አሽቶ የሚያምነው ያ ጣቷ ነጠላዋን እያሻሸ ነበር።

እህቴ ጓደኛውን አየችው። «ኪሱ ውስጥ ነው» አለች እሷም፣ ቀስ ብላ።

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ያስገባሁበትን ቀን ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ለመድረስ ስንት ቀን እንደፈጀም መገመት ይቻላል። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ያረፈበት ቀን። እሱን ካወቅኩ ደብዳቤው ይድረሰው አይድረሰው ማስላት እችላለሁ። ወደ ጓደኛው ዞሬ «መቼ ነው...» ማለት ስጀምር እህቴ እጇን፣ ያንን ባዶ ቀለበት ያለበትን፣ ደብተሬ ላይ አሳረፈችው።

«ተይ» አለችኝ። «ይሄን ደግሞ በመዶሻ አታስመቺብኝ።»

ደብተሩን ዘጋሁት። ለጓደኛው ምሳ ቀረበ፣ በላ፣ ስለ ሌላ ነገር አወራን። እናቴ መስኮቱን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውለዋለች፤ ያችን ጥግ ግን እየዘለለች ነው።